እግሩን አሳየኝ

የጋሽ ሰይድን ሞት የሰማሁት ሚሌ መገንጠያ ላይ፣ ጭኔ ላይ አይስ ቦክስ እንደያዝኩ ነው። ሐሙስ ቀን ነበር። ከአዋሽ ሊነጋጋ ሲል ተነስተን ሚሌ የደረስነው ረፋድ አምስት ሰዓት ላይ ነው። ሚኒባሱ ለፍተሻ ቆሟል። ተሳፋሪው ሁሉ ጥላ ፍለጋ ወርዷል፤ እኔ ሳጥኑ እንዳይናወጥ ብዬ አልወረድኩም። ስልኬ ጠራ። ደሴ የሚኖሩት የጋሽ ሰይድ እህት፣ እትዬ ዘሐራ ነበሩ።

«ወንድሜ ሌሊት አረፈ» አሉኝ። «ዙህር ተሰግዶ ሐይቅ ይቀበራል። አንቺ አትደርሺም፤ ከሌላ ሰው አፍ እንዳትሰሚው ብዬ ነው የደወልኩት።»

ሚሌ ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። ግራው በባቲና በኮምቦልቻ አድርጎ ደሴ ይገባል፤ ቀጥታው ሰመራ። ለቀብሩ ባልደርስም ለለቅሶው እደርስ ነበር። ሳጥኑ ውስጥ ግን የጨው ውሃ የተሞላ ፌስታል አለ፤ ፌስታሉ ውስጥ ደግሞ የሕፃን ጣት የምታክል ኮራል። እስከ ማታ ሳጥን ውስጥ ከቆየች ሙቀቱ ይገድላታል። ሾፌሩ ተመልሶ ሞተሩን ሲያስነሳ ወራጅ አለ ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ጀናዛቸውን ትቼ፣ ኮራል ይዤ ሰመራ ገባሁ። ይህን ለምን እንዳደረግኩ ለማስረዳት ከሳቸው መጀመር አለብኝ።

ጋሽ ሰይድ ሐይቅ ዳር የተወለዱ ወሎዬ ነበሩ። የዕድሜያቸውን ግማሽ በጅቡቲና በአዲስ አበባ መካከል ተሳቢ ሲነዱ ኖረዋል። እኔ ሳውቃቸው መሪውን ትተው፣ ሰመራ ተቀምጠው፣ ቤታቸው ውስጥ የባሕር አኳሪየም ላላቸው ሰዎች ዓሣና ኮራል ያቀርቡ ነበር። ዕቃው ከጅቡቲ ይመጣል፤ እሳቸው ዘንድ ሦስት ሳምንት ያርፋል፤ ሳይታመም ከቆየ በሌላ መኪና ወደ አዋሽና አዲስ አበባ ይሄዳል። የሰመራን ፀሐይ የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ መጀመሪያ ይስቃል። በከተማው ስማቸው «ባሕር የሚሸጡት ሰውዬ» ነበር።

እኔ ግቢያቸው ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ነበር የምኖረው። ሥራዬ መንግሥት መሥሪያ ቤት ነው፣ መዝገብ ቤት። ትምህርት የጀመርኩት ዘግይቼ ነው፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን በማታ የጨረስኩት የክፍል ጓደኞቼ እትዬ እያሉኝ ነው። ዘግይቶ የተማረ ሰው ለፊደል ይሳሳል። ግቢው በገባሁ ሰሞን ጀሪካኔ ላይ «የመጠጥ ነው፤ እጅ አይታጠብበትም» ብዬ ወረቀት ለጥፌ ነበር። ጋሽ ሰይድ ቆመው አነበቡት፤ ቀስ ብለው፣ በጣታቸው እየተከተሉ።

«ይህን የጻፍሽው አንቺ ነሽ፣ እታለም?»

«አዎ።»

«ፊደሎችሽ አይጋፉም። እኔ ዘንድ ውሃ ትጽፊልኛለሽ?»

«ውሃ ይጻፋል እንዴ?»

«ካልተጻፈ ይዋሻል» አሉ።

ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ ቢሮ ከመግባቴ በፊት ወደ ዓሣዎቹ ክፍል እየገባሁ የውሃውን ሙቀትና የጨዉን ልክ ለክቼ ደብተር ላይ አሰፍር ጀመር። አርብ አርብ፣ እሳቸው ለጁምዓ ከመሄዳቸው በፊት፣ ከገንዳው ውሃ ሩቡን ቀድተን በአዲስ እንተካለን፤ እሱም ይጻፋል። ስድስት ዓመት ጻፍኩ። አንድም አርብ አልዘለልኩም። ሲጠይቁኝም በቁጥር ነበር የምመልሰው። «እንዴት አደርሽ?» ሲሉኝ «ሃያ ስድስት ነጥብ ሁለት» እላለሁ። «ኧረ ሰላምታ ነው የጠየቅኩሽ» ይሉና ይስቃሉ።

በሰመራ ከሁሉ የሚቀዘቅዘው ክፍል የዓሣዎቹ ነበር። ኤሲው ለነሱ ነው፤ እሳቸው በረንዳ ላይ ነፋስ እየጠበቁ ይተኛሉ። መብራት ሲጠፋ ወደ ጄኔሬተሩ የሚሮጡት ባዶ እግራቸውን ነው። ብርቱካናማዎቹን፣ ወገባቸው ላይ ነጭ መስመር ያላቸውን ዓሣዎች «ባለመቀነቶቹ» ይሏቸው ነበር። ዓቢይ ጾም ሲገባ በሩ ላይ ቆመው፣ «እታለም፣ በጾም ዓሣ ይፈቀዳል የሚሉ ሰዎች አሉ አሉ። ባለመቀነቶቼን በክፉ ዓይን እንዳታይብኝ» ይሉኛል።

ከአስር ሰላት በኋላ እስከ መግሪብ መጽሐፍ አነብላቸው ነበር። ስለ ባሕር እንስሳት የተጻፈ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነው። በመዝገበ ቃላት እየታገልኩ በአማርኛ እነግራቸዋለሁ። ያልገባኝን ዓረፍተ ነገር አድበስብሼ ላልፍ ስሞክር ቀና ይሉና፣ «እዚህ ጋ አንድ ነገር ዘለልሽ» ይሉኛል። እንግሊዝኛ አያውቁም። የሚያነቡት ድምፄን ነበር።

አንድ ቀን፣ ከባሕር የተያዘ ዓሣ በቀላሉ እየተገኘ ሰው ያረባውን ብቻ ለምን እንደሚፈልጉ ጠየቅኳቸው። ሻያቸውን ጠጥተው ጨርሰው ነው የነገሩኝ።

«ተሳቢ ስነዳ አንድ ሰው ጅቡቲ ላይ ሳጥን በአማና ሰጠኝ። አዲስ አበባ አድርስልኝ አለኝ። ዲቾቶ ላይ ጎማዬ ፈነዳ። ፀሐዩን ታውቂዋለሽ። ሳጥኑን አውርጄ መኪናው ሥር አኖርኩት። ጎማውን ስፈታ ውስጡ ይንኳኳል። የሰው ዕቃ አይከፈትም ብዬ ዝም አልኩ። አሥሬ ይንኳኳል። ጎማውን አስሬ ስጨርስ ድምፁ ጠፋ። ያን ጊዜ ከፈትኩት። ዓሣ ነው፤ ሰማያዊ፣ ቢጫ፣ ባለመቀነት፤ ትናንት ባሕር ውስጥ የነበረ። አንዱ ብቻ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል። የምጠጣውን ውሃ አፈሰስኩለት።»

«ከዚያስ?»

«የጨው ውሃ ዓሣ በመጠጥ ውሃ እንደሚሞት አላውቅማ። አዘንኩለት ብዬ የገደልኩት እኔ ነኝ።»

መኪናውን ሲተዉ በመጀመሪያ የፈለጉት ዓሣ አልነበረም፤ ሰው ነበር። ጅቡቲ ውስጥ ግቢው ውስጥ ባሠራቸው የሲሚንቶ ገንዳዎች ባለመቀነቶችን ከእንቁላል ጀምሮ የሚያሳድግ፣ ኮራል እየቆረጠ የሚያራባ አንድ ሽማግሌ አገኙ። ከሱ ሌላ ከማንም አልወሰዱም። «ሰው ያሳደገው ዓሣ ሰው ሲያይ ወደ መስታወቱ ይመጣል» ይሉ ነበር፤ «የተነጠቀው ድንጋይ ሥር ይገባል።»

ኮራሉን የሚለዩበት መንገድ ሌላ ነው። ኮራል ሲያዩት ድንጋይ ይመስላል፣ እንደ ተክል ተቆርጦ ይተከላል፣ ግን እንስሳ ነው። አርቢው ቁራጩን ሳንቲም በምታክል የሲሚንቶ ክብ ላይ ያጣብቀዋል። ውሎ አድሮ ሥጋው ወደ ታች ይወርድና ሲሚንቶውን ያለብሰዋል። ከባሕር የተሰበረው ግን ሥሩ ገና ስብራት ነው። ስለዚህ ጋሽ ሰይድ ኮራል ሲያመጡላቸው የቀለሙን ማማር አይመለከቱም። «እግሩን አሳየኝ» ይሉና ይገለብጡታል። አባባሉ ከኮራልም አለፈ። ሰው ሐሜት ይዞ ሲመጣ «እግሩን አሳየኝ» ይላሉ። ከቀበሌ ወረቀት ሲመጣም «እግሩን አሳዩኝ» ብለው ማኅተሙን ይፈልጋሉ።

ሰመራ ላይ ሆቴል ሊያስመርቅ የተዘጋጀ አንድ ባለሀብት በፒካፕ ትልቅ ሐምራዊ ኮራል ይዞ መጣ። የሰው ራስ ያህላል። እውነቱን ለመናገር እንደዚያ ያማረ አላየሁም።

«እስከ ምርቃቱ ብቻ ነፍሱን አቆዩልኝ» አላቸው።

ጋሽ ሰይድ ገለበጡት። «ይሄ እግር የለውም።»

«ጋሽ ሰይድ፣ እንግዳው የሚያየው ላዩን ነው። እግሩን ማን ያየዋል?»

«ከእናቱ ተሰብሮ የመጣ ነው። ምርቃቱን ይደርስልህ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ሆቴልህ ይሸታል።»

ሰውዬው ሳቀ። «እርስዎ ነጋዴ ነዎት ወይስ ሼህ?»

«ሹፌር ነኝ። ያላመንኩበትን አልጭንም።»

ለምርቃቱ አልተጠራንም።

የሳቸው ገንዳ መሃል አንዲት የቆየች ኮራል ነበረች፤ አረንጓዴ፣ ጫፍ ጫፏ ወይን ጠጅ፣ ቅርንጫፏ የበዛ። «እናቲቱ» ይሏት ነበር። ለሰው የሚሰጡት ሁሉ ከሷ የተቆረጠ ጣት ነው። አሰጣጡንም ከአገራቸው ነው ያመጡት። በወሎ ላም የሌለው ሰው ጊደር በርቢ ይወስዳል፤ አሳድጎ፣ አርብቶ፣ ጥጃውን ከባለቤቷ ጋር ይካፈላል። ጋሽ ሰይድም ጣቷን በርቢ ነበር የሚሰጡት። የወሰደው ሰው ኮራሏ ስታድግለት አንድ ጣት ዕዳ ይኖርበታል፤ የጠየቁት ቀን ይመልሳል። ጠይቀው ግን አያውቁም። «እናቲቱ አንድ ቤት ብቻ ከኖረች አንድ ቀን መብራት ይጨርሳታል። ዘሯ ሰው ቤት ይቀመጥ» ይሉ ነበር። ከወሰዱት አንዱ አዋሽ የሚኖሩት የባቡር ጡረተኛ ጋሽ ተፈራ ናቸው። የድሮ ወዳጃቸው ናቸው፤ ሲገናኙ ሁልጊዜ ይሰዳደባሉ።

አሁን ስለ ጨው መናገር አለብኝ።

የአፋር ምድር ጨው ነው። ከአፍዴራ የሚወጣው በየመንገዱ ተራራ ሆኖ ይታያል። ጋሽ ሰይድ ግን የገንዳቸውን ጨው በከረጢት ከውጭ ያስመጡ ነበር። ይህ ለጎረቤት የማያልቅ ጨዋታ ነው። «ጋሽ ሰይድ፣ ጨዉን ካስመጡ አይቀር ለግመሎቹም አሸዋ ያስመጡላቸው» ይሏቸዋል። እሳቸውም ይስቃሉ። ለኔ ሲነግሩኝ ግን አይስቁም። «ይሄ የወጥ ጨው አይደለም። ባሕር ውስጥ ኖራው አለ፣ ሌላውም አለ። እናቲቱ አጥንቷን የምትሠራው በሱ ነው።» መጽሐፉም ይኸንኑ ይላል። ገጹን ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ።

ባለፈው ዓመት ኩላሊታቸው ታመመ። ሐኪሙ ጨው ከለከላቸው። «ያልፈራሁት አገኘኝ» አሉ። ደሴ እህታቸው ዘንድ ሆነው ሊታከሙ ሲሄዱ በሩ ላይ ቆመው፣ «እታለም፣ ቤቱን ታውቂዋለሽ። ግራ ሲገባሽ አትንኪው፤ ደውዪልኝ» አሉኝ።

በሄዱ በሁለተኛው ሳምንት ጨዉ አለቀ። ይመጣል የተባለው ከረጢት ወደብ ላይ ቆየ። አርብ ደረሰ። ደብተሩን ከፈትኩ፤ ቀኑን ጻፍኩ፤ አጠገቡ «ውሃ ተቀየረ» ብዬ የምጽፍበት ቦታ ባዶ ነው። ቢሮ ለአንዷ ባልደረባዬ ጨው አጣሁ ስላት ወንበሯ ላይ እስክትንፈራፈር ሳቀች። «ሰመራ ተቀምጠሽ ጨው አጣሽ?» አለችኝ። የገፋፋኝ ሳቋ ሳይሆን አይቀርም፣ አላውቅም። ከሰዓት በኋላ ከገበያ የአፍዴራ ጨው ገዛሁ፤ አሟሟሁት፤ በመለኪያው ለካሁት። ቁጥሩ ልክ ነበር። ጭራሽ ከበፊቱ ይበልጥ ልክ ነበር። «ውሃ ተቀየረ» ብዬ ጻፍኩ።

እንዲህ ሦስት አርብ አለፈ። ልደውልላቸው ሁለት ጊዜ ስልኩን አንስቼ መልሻለሁ። የታመመ ሰው አላስጨንቅም ብዬ ነው እል ነበር። እውነቱ ሌላ ነው። «ዝለዪው፤ ውሃው ወርም ይቆያል» እንደሚሉኝ አውቅ ነበር። ባዶ መስመር መተው ነው ያቃተኝ።

ከሦስተኛው አርብ በኋላ እናቲቱ ነጣች። ሥጋዋ ከሥሯ ጀምሮ እንደ እርጥብ ወረቀት ይላጥ ጀመር። ዓሣዎቹ ምንም አልሆኑም፤ ወደ መስታወቱ እየመጡ ያዩኛል።

እሑድ ጋሽ ሰይድ ደወሉ።

«እናቲቱ እንዴት ናት?»

«ደህና ናት።»

«ደህና ናት?»

«አዎ፣ ጋሽ ሰይድ።»

«አልሐምዱሊላህ። አንቺስ፣ ምሳ ትበያለሽ?»

ከዚያ በኋላ በደወሉ ቁጥር ስለ ዓሣዎቹ ይጠይቁኛል፤ ስለ ቢሮዬ ይጠይቁኛል። ስለ እናቲቱ ግን አልጠየቁኝም። እኔም ተመስገን እል ነበር።

ትክክለኛው ጨው መጥቶ ውሃውን ባስተካክልም የቀረልኝ ነጭ አጥንት ነበር። ከወር በላይ አለፈ። እትዬ ዘሐራ «እየተሻለው ነው፤ በሚቀጥለው ሳምንት ይመጣል» ሲሉኝ ፈቃድ ጠይቄ አዋሽ ሄድኩ። ከጋሽ ተፈራ የርቢውን ጣት ልወስድ ነው። ወስጄ፣ እናቲቱ ቦታ ላይ አስቀምጬ፣ የሆነ ነገር ብዬ ላልፍ ነበር። ያሰብኩት ይኸን ነው፤ አልደብቅም።

የጋሽ ተፈራ ቤት ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ጀርባ ነው። ቀልደኛ ናቸው፤ ሰው ሲገባ ከየት መጣህ፣ ምን በላህ፣ ማንን አማህ ሳይሉ አያስቀምጡም። ያን ቀን ግን ሌላ ሰው ሆኑብኝ።

«ጋሽ ተፈራ፣ አንድ ጣት ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት።»

«ውሰጂ» አሉ።

ለምን አላሉኝም። ወደ ገንዳቸው ሄደው፣ ጥግ ላይ ለብቻዋ የተቀመጠች አንዲት ጣት አውጥተው ፌስታል ውስጥ ከተቱልኝ። «ባቡሩ ሲቆም የቀረኝ ሰዓት ማክበር ነው» አሉ። «ይቺም በሰዓቷ ደርሳለች። አንቺ ብቻ ነገ በጠዋት ተነሺ።» ልቤ ቶሎ መሄዱ ላይ ስለነበር ምን ማለታቸው እንደሆነ አልጠየቅኩም። ባለቤታቸው እራት አበሉኝ፤ እዚያው አደርኩ። በማግስቱ ሚሌ ላይ ነው እትዬ ዘሐራ የደወሉልኝ።

ሰመራ ስገባ ሰባት ሰዓት ሆኖ ነበር። ሐይቅ ላይ አፈር የሚለብሱበት ሰዓት ነው። ጫማዬን አውልቄ ዓሣዎቹ ክፍል ገባሁ። ሙቀቱ እንዲቀራረብ ፌስታሉን ገንዳው ላይ አንሳፈፍኩት፤ ጊዜው ሲደርስ ጣቷን አወጣሁ። እጄ ስድስት ዓመት ያየውን አደረገ፤ ገለበጣት።

እግሯ ድኗል። አረንጓዴው ሥጋ ወርዶ ሲሚንቶውን ዙሪያውን አልብሶታል። ይህ በአንድ ሌሊት የሚሆን ነገር አይደለም፤ ወር ይፈጃል። እኔ ደግሞ የጠየቅኳቸው ትናንት ነው።

ጋሽ ተፈራ ዘንድ ደወልኩ። ሞቱን ሰምተዋል።

«ጋሽ ተፈራ፣ ይችን መቼ ነው የቆረጧት?»

«ነቃሽ?» አሉ። «ሰይድ ከደሴ ደውሎልኝ ነበር፤ ወር አልፎታል። እናቲቱ ሞታለች አለኝ። ማን ነገረህ አልኩት። ‹እታለም ደህና ናት አለችኝ› አለኝ። እንግዲያው ምን ሆንክ፣ አንተ ሽማግሌ፣ ጃጀህ ወይ አልኩት። ‹አንተ ደንቆሮ፣ ቁጥር ሳትነግረኝ ነው ደህና ናት ያለችኝ። ስድስት ዓመት ቁጥር ሳትነግረኝ ደህና ብላኝ አታውቅም› አለኝ። አንድ ጣት ቁረጥና አዘጋጅላት፤ ስትመጣ እንዳትጠይቃት፤ ተፈራ፣ አፍህን ያዝ አለኝ። እኔ አፌን ይዤ አውቃለሁ? ለሱ ብዬ ያዝኩ።»

ስልኩን ዘግቼ ጣቷን እናቲቱ በነበረችበት ድንጋይ ላይ አስቀመጥኳት። ባለመቀነቶቹ መጥተው ከበቧት። ከዚያ ደብተሩን ወደ ኋላ ገለጥኩና በሦስቱ አርቦች ላይ፣ «ውሃ ተቀየረ» ከሚለው ቀጥሎ፣ «በአፍዴራ ጨው» ብዬ ጨመርኩ። በዚያ ቀን መስመር ላይ ሙቀቱን ጻፍኩ፤ የጨዉን ልክ ጻፍኩ። «እናቲቱ ሞታለች» ብዬም ጻፍኩ። ፊደሎቹ ተጋፉብኝ።

እሑድ ሐይቅ ለቅሶ ደረስኩ። እትዬ ዘሐራ አልወቀሱኝም፤ አጠገባቸው አስቀምጠው ምሳ መብላቴን ጠየቁኝ። ከዚያ በፊት ግን አርብ ነበር። በጠዋት ገባሁ። አዲሱ ጨው በከረጢቱ እንዳለ ግድግዳው ሥር ተቀምጧል። የጁምዓ ሰዓት እስኪያልፍ ድረስ ደብተሩን ይዤ ቆምኩ። ጣቷ ገና ቦታዋን አልለመደችም፤ ውሃው መነካት የለበትም። አልነካሁትም። በስድስት ዓመት ደብተር ውስጥ ባዶ የሆነው የአርብ መስመር እሱ ብቻ ነው።